የኩፐር ጨርቅ በመስታወት፣ የአያቴ በልዋጭ

ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ የምንኖር ሐበሾች እንግዳ ሲመጣብን ስሚዝሶንያን የአየርና የጠፈር ሙዚየም ይዘን እንሄዳለን፤ መግቢያው ነፃ ነው። እንግዳው ሮኬት ሮኬቱን ያያል። እኔን የሚያንገበግበኝ ግን ጠፈርተኞቹ ደረታቸው ላይ የሚያሰፉት ዓርማ ነው። መዳፍ የማይሞላ ጨርቅ እኮ ነው! ግን የማን እንደሆነና የት እንደደረሰ ተመዝግቦ ተቀምጧል።

በአሜሪካው የጠፈር መሥሪያ ቤት በናሳ ይህን ልማድ ያስጀመሩት የጀሚኒ 5 መንኮራኩር ጠፈርተኞች ጎርደን ኩፐርና ፒት ኮንራድ ናቸው። ነሐሴ 1957 ዓ.ም. ሊመጥቁ ሲሉ ለመንኮራኩራቸው ስም እንዳያወጡ ተከለከሉ። እነሱም የራሳቸውን ዓርማ አሠሩ፤ ሸራ የለበሰ የድሮ ሠረገላ። ሐሳቡ የመጣው የኮንራድ አማት ከእንጨት ከጠረቡት ሠረገላ ነው። ላዩ ላይ «8 ቀን፣ አለዚያ ክስረት» የሚል አስጻፉበት። የናሳው ኃላፊ ጄምስ ዌብ፣ ጉዞው ቢቋረጥ መዘባበቻ እንሆናለን ብለው ጽሑፉ እስኪመለሱ በጨርቅ እንዲሸፈን አዘዙ። ሰዎቹ ምድርን 120 ጊዜ ዞረው፣ 8 ቀን ሊሞላቸው ትንሽ ሲቀር በሰላም ገቡ። ይኸው የአለቃና የሠራተኛ ጭቅጭቁ ሳይቀር ከነጨርቁ ታሪክ ሆኖ ቀረ።

አያቴ ከቃኘው ጋር ኮሪያ ዘምተዋል። የአሜሪካው 7ኛ ክፍለ ጦር ዓርማ፣ ቀይ ክብ ላይ ጥቁር ቅርጽ ያለበት፣ ከኮታቸው ትከሻ ላይ ነበር። ክሩ ጠርዙ ላይ ተተርትሮ እሳቸው ራሳቸው በነጭ ክር ጠቅመውታል። በደርግ ጊዜ ብዙ ሰው የጃንሆይን ፎቶ ሲያቃጥል እሳቸው ኮታቸውን ደብቀው አተረፉት። ካረፉ በኋላ ቤት ሲጸዳ ለልዋጭ ተሰጠ። በሳፋ! ማንም ክፉ አላሰበም፤ «አሮጌ ኮት ነው» ተባለ፣ አለቀ። እኔ በስልክ ስሰማ ሳፋው ልብስ ይታጠብበት ነበር። ደርግ ያላገኘውን እኛው በገዛ እጃችን አወጣነው፤ ይህ እስከዛሬ አልወጣልኝም።

ኩፐርና ኮንራድ ከጠፈር በተመለሱ በሳምንታት ውስጥ፣ መስከረም 1958 ዓ.ም.፣ አዲስ አበባ መጥተው ነበር። ያኔ ከተማው ውስጥ የነበሩ ወላጆችና አያቶች ያሏችሁ እባካችሁ ዛሬ ደውሉላቸው። ያዩትን ጠይቁ፣ ፎቶ ካላቸው ጀርባው ላይ ስምና ቀን አስጽፉ።