ዋጋውን የሚያውቀው ደላላው ብቻ ነው

ድሬዳዋ ላይ የቤት ኪራይ ስንት እንደገባ በትክክል ማወቅ ከፈለጋችሁ ደላላ ጠይቁ። አከራዩ የጎረቤቱን ዋጋ በወሬ ነው የሚሰማው። ተከራዩ የራሱን ብቻ ያውቃል። ቀበሌው የሚያየው ውሉ ላይ የተጻፈውን ነው፣ እሱም እውነተኛው ላይሆን ይችላል። ደላላው ግን ሳቢያን ሁለት መኝታ በስንት እንደተከራየ፣ ከዚራ ያለው ቪላ ለምን ተዘግቶ እንደከረመ፣ ነምበር ዋን ሰፈር የነበረችው መምህርት ስንት ሲጨመርባት እንደለቀቀች ጫቱን እየቀነጠሰ ይነግራችኋል።

እኔ የምኖረው ጀርመን፣ ማንሃይም ነው። ሦስት መቶ ሺህ ገደማ ሕዝብ ያላት ከተማ ናት። ዩኒቨርሲቲ አላት፣ ፋብሪካ አላት፣ ትልቅ የባቡር መገናኛ ናት። የመሀል ከተማዋ መንገዶች ልክ እንደ ከዚራ በማስመሪያ የተሰመሩ ናቸው። ስለዚህ ከበርሊንም ከአዲስ አበባም ይልቅ ከድሬ ጋር ለማስተያየት ትመቻለች።

እዚያ የኪራይ ዋጋ የደላላ ምስጢር አይደለም። ሚትሽፒገል የሚባል ሰነድ አለ። በከተማው ውስጥ በቅርብ ዓመታት የተፈረሙና የተሻሻሉ ኪራዮች ተሰብስበው፣ በቤቱ ስፋት፣ በተሠራበት ዘመን፣ በሰፈሩና በይዞታው ተለይተው ይወጣሉ። ከ50,000 በላይ ነዋሪ ያለው ከተማ ሁሉ ይህን ሰነድ እንዲያዘጋጅ ሕግ ያስገድደዋል። አከራዬ ልጨምር ካለ በደብዳቤ ነው የሚጠይቀኝ፣ የአካባቢው ዋጋ ይህን ያህል ነው ብሎም ማሳየት አለበት። አሳይቶም ቢሆን በሦስት ዓመት ውስጥ ከ20 በመቶ በላይ መጨመር አይችልም። የቤት እጥረት አለባቸው በተባሉ ከተሞች ደግሞ ጣሪያው 15 በመቶ ነው። መያዣ ከሦስት ወር ኪራይ አይበልጥም፤ ገንዘቡም ከአከራዩ ኪስ ተለይቶ ባንክ ይቀመጣል። ለደላላው የሚከፍለው የጠራው ሰው ነው፣ እንደ አውሮፓውያን ከ2015 ጀምሮ።

አሁን እኛም ሕግ አለን። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ይባላል፣ ድሬንም ይመለከታል። ሳነበው፣ እውነቱን ለመናገር፣ ከጠበቅኩት በላይ ተከራይን ያስባል። ውል በጽሑፍ ይሁን ይላል፣ በ30 ቀን ውስጥ ይመዝገብ ይላል። የውሉ ዕድሜ ከሁለት ዓመት አያንስም። ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር አይበልጥም። ጭማሪ በዓመት አንዴ፣ እሱም ተቆጣጣሪው አካል በሚያወጣው መጠን ብቻ ነው። ክፍያውም በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ ነው። አንዳንዱ ነገር እንዲያውም ከጀርመኑ ይጠብቃል።

ታዲያ ለምንድን ነው ዘመዶቼ አሁንም ስድስት ወር ቅድሚያ የሚጠየቁት?

ጉዳዩ ከመነሻው ይጀምራል። ጭማሪው በመቶኛ ከተገደበ መቶኛው የሚሰላው ውሉ ላይ ካለው ዋጋ ነው። ውሉ ላይ ያለው ደግሞ ብዙ ጊዜ ለግብር ተብሎ ዝቅ ብሎ የተጻፈ ነው። እስቲ አስቡት፤ ውሉ 8,000 ብር ይላል፣ ተከራዩ የሚከፍለው 15,000 ነው። ስምንቱ በባንክ ይገባል፣ ሰባቱ በእጅ ይሰጣል። ይህ ሰው ነገ በአንዴ 5,000 ብር ቢጨመርበት የት ሄዶ ይከሳል? ቢከስስ ሁለቱም አብረው የዋሹትን ማውጣቱ ነው። አከራዩም ይህን ስለሚያውቅ አይሰጋም።

ጀርመኖቹ ከዚህ ንጹህ ናቸው እንዳትሉ። በርሊን እንደ አውሮፓውያን በ2020 የኪራይ ጭማሪን በአዋጅ አግዳ ነበር። አከራዮቹ ምን አደረጉ? ውል ላይ ሁለት ዋጋ መጻፍ ጀመሩ፣ አንዱ ሕጉ የሚፈቅደው፣ ሌላው ሕጉ ከወደቀ የሚከፈለው። ለኪራይ የሚወጣው ቤትም ቀነሰ። በሚያዝያ 2021 የአገሪቱ ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤት አዋጁን ሻረው፤ የግዛቱ ሳይሆን የፌዴራሉ ሥልጣን ነው ብሎ። ብዙ ተከራይ በአዋጁ ምክንያት ሳይከፍል የቀረውን ልዩነት ክፈል ተባለ። ልዩነቱ የበርሊኖቹ ሁለተኛ ዋጋ ውሉ ላይ በግልጽ መጻፉ ነው። የእኛው በእጅ በሚሰጠው ብር ውስጥ ነው ያለው።

ሌላም ገመና አለባቸው። ማንሃይም ቤት ለያዘ ተከራይ ገነት ናት፤ ቤት ለሚፈልግ ግን ሲኦል። አንድ ቤት ሲለቀቅ ለማየት የሚመጣው ሕዝብ ደረጃው ላይ ይሰለፋል። የደመወዝ ወረቀት ይጠየቃል። ዕዳህን በአግባቡ እንደምትከፍል የሚመሰክር ሹፋ የሚባል ወረቀት ይጠየቃል። ስምህ ለአፋቸው ከከበደ ደግሞ መልሱም ሳይመጣ ይቀራል፤ ይሄን አበሻ ሁሉ ያውቀዋል። ለሃያ ዓመት የኖረው ጎረቤቴ ከእኔ ሰፋ ያለ ቤት ይዞ ከእኔ ያነሰ ይከፍላል። ሕጉ የገባውን ይጠብቃል፣ ለሚመጣው ግን በሩን ያጠባል።

ይህ ለድሬ እንግዳ ነገር አይደለም። በ1967 ትርፍ ቤት ሲወረስ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑት ለቀበሌ ሄዱ። ዛሬም የቀበሌ ቤት ያለው ሰው የሚከፍለው ከገበያው ጋር አይወዳደርም። አንድ ግቢ ግድግዳ ለግድግዳ የሚኖሩ ሁለት ቤተሰቦች፣ አንዱ ለወር የሚከፍለው ለሌላው የአንድ ቀን ወጪ የማይሞላበት ሁኔታ አለ። ነጻ የንግድ ቀጠናው፣ የኢንዱስትሪ ፓርኩና ዩኒቨርሲቲው ወደ ከተማዋ የሚያመጡት ሠራተኛና ተማሪ የሚወድቀው በዚያ በውዱ በኩል ነው። አዲሱ ሕግ በትክክል ቢሠራ እንኳ አከራዩ ለሁለት ዓመት እንደልቡ መጨመር እንደማይችል ካወቀ መጀመሪያውኑ አስወድዶ ነው የሚጀምረው። በደንብ ያሰበበት ሰው ያለ አይመስለኝም።

ድሬ የምትበልጥበት ነገርም አለ። የገቢ ማስረጃ የሌለው ሰው ቤት ያገኛል። ወረቀት አይጠየቅም፤ የማን ልጅ ነህ፣ ከማን ጋር ነው የመጣኸው ይባላል፣ አንድ የሚያውቅህ ሰው ስልክ ይደውላል፣ አለቀ። ከገባህ በኋላ ግን ከአከራይህ ጋር ትኖራለህ፣ ቃል በቃል፣ አንድ ግቢ ውስጥ። እናትየው እትዬ ከሆነችልህ በበዓል ድፎ ዳቦና ቡና ይመጣልሃል፣ ልጅህን ትጠብቅልሃለች። ካልሆነችልህ ደግሞ ዘመድ በመጣ ቁጥር ፊቷን ታያለህ። ስንት ባልዲ ቀዳህ፣ ማታ በስንት ሰዓት ገባህ፣ ቬንትሌተሩ ሌሊቱን ሙሉ ለምን ዞረ፣ ምጣዱ ቆጣሪውን አስኬደው፤ ሁሉም ይቆጠራል። ማንሃይም ውስጥ አከራዬን መንገድ ላይ ባየው አላውቀውም።

እንግዲህ ሚትሽፒገል ለድሬ ይሠራ ቢባል የጀርመኑን መገልበጥ አያዋጣም። እዚያ ከሚጠየቀው አንዱ ማሞቂያው ምን ዓይነት ነው የሚለው ነው። ድሬ ላይ የሚጠየቀው ሌላ ነው። ጣሪያው ቆርቆሮ ብቻ ነው ወይስ ኮርኒስ አለው? ኮርኒስ የሌለው ቤት ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ማንም አይቀመጥበትም። ውሃ በሳምንት ስንቴ ይመጣል፣ ሮቶ አለ ወይ፣ ሮቶውስ የግል ነው የጋራ? ኮንዶሚኒየም ከሆነ ግፊቱ አራተኛ ፎቅ ይደርሳል? ማታ አልጋ አውጥቶ ነፋስ የሚቀበሉበት ግቢ አለ? የድሮዎቹ የከዚራ ቤቶች በወፍራም ግንባቸውና በከፍታቸው ነው የሚወደዱት፣ ባቡሩ ከተማዋን ሲቆረቁር የሠሯት ሰዎች ሙቀቱን አስበውበታል። ደግሞ ቤቱ ለደቻቱ ወንዝ ምን ያህል ይቀርባል? የ1998ቱን የክረምት ጎርፍ ያየ ሰው ይህን ሳይጠይቅ አይከራይም፤ ከሌላ አገር የመጣ ተማሪ ግን ርካሽ ነው ብሎ ይገባል።

እነዚህን ነገሮች መመዝገብ ቀላል ነው። ውሎቹ ከተመዘገቡ ቁጥሩ መዝገቡ ውስጥ አለ። ስም ተሰውሮ፣ ሰፈር ለሰፈር፣ በዓመት አንዴ ቢለጠፍ ብዙ ነገር ይቀየራል። ለገሃሬ አንድ ክፍል ሰርቪስ ቤት ከስንት እስከ ስንት እንደሆነ ሰው ሁሉ ካየ ደላላው አጋንኖ ለመጥራት ትንሽ ይከብደዋል። ግን ውሉ ላይ እውነተኛው ዋጋ እንዲጻፍ አከራዩ ግብሩን መፍራት የለበትም። ለእኔ ዋናው ቋጠሮ እዚህ ላይ ነው። በትክክል ላስመዘገበ አከራይ ግብሩ ለተወሰነ ጊዜ ቢቀልለት ከቅጣት ማስፈራሪያው የበለጠ ይሠራል ባይ ነኝ።

ስለ እኛ ስለ ውጪዎቹ ሳልናገር ባልፍ ደግሞ ትዝብት አይሆንም። ከሐምሌ 2016 ወዲህ ብር በገበያ ዋጋ ሲተመን የእኛ ዩሮ እጥፍ ሆነ። ድሬ ቤት ያለን ሰዎች በዩሮ ማሰብ ጀመርን፤ «ይሄ እኮ የአንድ ቀን ገበያ እንኳ አይሆንም» እያልን ነው ኪራይ የምንተምነው። ደመወዙ በብር የሆነ መምህር እጥፍ እንዳልተከፈለው ማን ያስታውሰን? ማንሃይም የማውቀው አንድ ወንድም አለ፣ የተከራዮች ማኅበር አባል ነው። ባለፈው ክረምት በማሞቂያ ሒሳብ 80 ዩሮ ተጨመረብኝ ብሎ በጠበቃ አስጽፎ አከራዩን አስመለሰ። ጎበዝ ነው፣ እኔም አጨብጭቤለታለሁ። በዚያው ሰሞን አብረን ቡና ስንጠጣ ሳቢያን ወዳለው ቤቱ፣ ለእህቱ ደወለ።

«ተከራዩን ንገሪልኝ፣ ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ አምስት ሺህ ጨምሯል። ካልቻለ ሌላ ሰው አለ።»

ውል አላችሁ ወይ ብዬ ጠየቅኩት። «የምን ውል? ሰውዬው እኮ ጨዋ ነው» አለኝ።