ዓሣን መብላት በደርሶ መልስ

ሰሞኑን ደግሞ አንድ የሽርሽር ዕቅድ ስልክ ለስልክ እየዞረ ነው። ቅዳሜ ከቶኪዮ ተነስቶ ሳንሪኩ የባሕር ዳርቻ፤ ጆዶጋሃማን ማየት፣ ኪታያማዛኪ ገደል ላይ ፎቶ፣ በጀልባ ዋሻ መግባት፣ ታሮ ላይ የሱናሚውን ግንብ መጎብኘት፣ ኡኒ የሚባለውን የባሕር ጃርት መብላት፣ ኦይስተር የሚባለውን የዛጎል ሥጋ መብላት፣ ማታ ቤት። ከታች በትልቁ «ደርሶ መልስ!!!» ተብሎበታል። መነሻው «12 ሰዓት» ይላል። የማን 12 ሰዓት እንደሆነ ግን የጠየቀ የለም። በእኛ ከሆነ ንጋት ነው፣ በጃፓን የባቡር ሰሌዳ ከሆነ እኩለ ቀን። ግማሹ ሰው ጎህ ሲቀድ፣ ግማሹ ለምሳ ጣቢያው ላይ ይገኝና ሽርሽሩ ቶኪዮን ሳይለቅ ያልቃል።

የእኛ ሰው መቼም ደርሶ መልስ ሲወድ ለጉድ ነው። ማደር ገንዘብ ማቃጠል ይመስለዋል። አምስት ሰዓት ተጉዞ፣ ሃያ ደቂቃ ቆሞ፣ አምስት ሰዓት ይመለስና «አየሁት» ይላል። ምኑን አየኸው ሲባል በመኪና መስኮት የተነሳ፣ ግማሹን የራሱ ክርን የሸፈነው ፎቶ ያሳያል። ሶደሬ በዚህ መንገድ ቢታይ ማንም አይጎዳም። ሳንሪኩ ግን ከአኦሞሪ ደቡብ ምሥራቅ ተነስቶ ኢዋቴን ይዞ እስከ ሚያጊ የሚወርድ የባሕር ዳርቻ ነው፤ በአንድ ከሰዓት ልጨርስህ ቢሉት አይሰማም።

ቁጥሩን እንቁጠረው። ከቶኪዮ ሞሪዮካ በሃያቡሳ ፈጣን ባቡር ሁለት ሰዓት ከሩብ ገደማ ነው፤ የአንድ መንገድ ዋጋው 15,000 የን አካባቢ ይደርሳል። መቀመጫው ሁሉ በቁጥር ስለሚያዝ ዘው ብሎ ገብቶ ክፍት ቦታ መፈለግ የለም። ከሞሪዮካ ወደ ባሕር ዳርቻዋ ከተማ ሚያኮ ተራራ ሰንጥቆ የሚያልፍ 100 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ አለ። አውቶቡሱ ሁለት ሰዓት ቢጠጋው ነው። የያማዳ መስመር ባቡር ግን ከሁለት ሰዓት በላይ ይፈጃል፣ በቀን የሚመላለሰውም ጥቂት ጊዜ ብቻ ስለሆነ ያመለጠው ሰው ጣቢያ ተቀምጦ ያረጃል። ከሚያኮ ጣቢያ ጆዶጋሃማ ሃያ ደቂቃ ያህል በአውቶቡስ ነው፤ እስከዚህ ድረስ ደርሶ መልሱም ያስኬዳል። ኪታያማዛኪ ግን ወደ ሰሜን በሳንሪኩ ባቡር እስከ ታኖሃታ፣ ከዚያ በመኪና ነው። ይህ ባቡር ከሳካሪ እስከ ኩጂ 163 ኪሎ ሜትር ሲሆን፣ በዚህ መልኩ አንድ መስመር ሆኖ ሥራ የጀመረው በ2019 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ብዙ ጊዜ የሚመጣው አንድ ፉርጎ ብቻ ነው፣ እሱም በሰዓት ወይም በሁለት ሰዓት ልዩነት። ጄአር ፓስ የሚባለውን የቱሪስት የባቡር ካርድ የያዘ ሰው ካርዱን አውጥቶ ሲያሳይ በትሕትና ሒሳብ ይጠየቃል፤ ፓሱ እዚህ አይሠራም። እዚህ መስመር ላይ ባቡር ያመለጠው ሰው ከዕቅዱ አንድ ገደል መሰረዝ አለበት።

ገደሉስ? ከሚያኮ ወደ ሰሜን ያለው ምድር ከባሕር እየተነሣ የመጣ ስለሆነ ዳርቻው ቀጥ ብሎ የተቆረጠ ነው። ኪታያማዛኪ ላይ 200 ሜትር የሚደርስ ከፍታ ለ8 ኪሎ ሜትር ያህል ተዘርግቷል። ከሚያኮ ወደ ደቡብ ደግሞ የተገላቢጦሽ ነው፤ ባሕሩ ሸለቆዎቹ ውስጥ ገብቶ ጥልቅና ጠባብ ሰርጦች ሠርቷል። ሰርጦቹ ማዕበል ስለማያገኛቸው ኦይስተር፣ ሆታቴ የሚባለው ዛጎልና ዋካሜ የሚባለው የባሕር አረም የሚረባባቸው እነሱ ናቸው። ሱናሚ ሲመጣ ግን ያው ጠባብነታቸው ውኃውን አፍኖ ወደ ላይ ያስነሣዋል። ከዳርቻው ወዲያ ከሰሜን የሚመጣው ቀዝቃዛው የኦያሺዮ ጅረትና ከደቡብ የሚመጣው ሞቃቱ ኩሮሺዮ ይገናኛሉ፤ ዓሣው የሚበዛው ለዚህ ነው።

ሰኔና ሐምሌ ላይ ያማሴ የሚሉት ቀዝቃዛ የምሥራቅ ነፋስ ከባሕር ጭጋግ ጭኖ ይመጣል። ያን ቀን የደረሰ ሰው ከመመልከቻው ሰገነት ቆሞ የሚያየው ነጭ ብቻ ነው፤ ባሕሩን ይሰማዋል እንጂ አያየውም። አዳሪ ቢሆን ነገ ይገልጥለታል፣ ደርሶ መልሰኛው ግን ጭጋጉን ፎቶ አንስቶ ይሄዳል። ወደ ውኃው ልውረድ ያለ ደግሞ ከ700 በላይ ደረጃ ይጠብቀዋል። መውረዱን ሁሉም ይወርዳል። ለሠርግ የተገዛ ጫማ አድርጎ ወርዶ ሲመለስ መሀል ላይ ተቀምጦ «መኪና ጥሩልኝ» የሚል ሰው ግን የት ድረስ መኪና እንዲመጣለት እንደሚያስብ ለማወቅ ያዳግታል። ጆዶጋሃማም ቢሆን ነጫጭ ዓለቱ እንጂ መሬቱ አሸዋ አይደለም፤ ድቡልቡል ጠጠር ነው፣ በነጠላ ጫማ ቁርጭምጭሚት ያዞራል። ወደ ሰማያዊው ዋሻ የምትገባው ሳፓ የምትባል ትንሽ የዓሣ አጥማጅ ጀልባ ናት፤ ሄልሜትና የሕይወት አድን ጃኬት ታስደርጋለች፣ ሃያ ደቂቃ ያህል ታዞራለች። ፀሐይ ቢሆንም እንኳ ባሕሩ ካበጠ አትወጣም፤ ስለዚህ ጠዋት ደውሎ ማረጋገጥ ግድ ነው። በአፈ ታሪክ አንድ ውሻ በዚህ ዋሻ ገብቶ ሩቅ ሰሜን ሃቺኖሄ ላይ ወጣ ይባላል። ውሻውም ቢሆን ደርሶ መልስ አልሞከረም።

ወደ ምግቡ እንምጣ። «ዓሣን መብላት በብልሃት» ያሉ አባቶች ባሕር አጠገብ ኖሩም አልኖሩ ሳንሪኩን የሚያውቁ ይመስላሉ። ከተረቶቻችን ሁሉ ይህን የሚተካከል የለም፤ አጥንቱን ለይ፣ ወቅቱን ጠብቅ፣ አትቸኩል፣ ሁሉም ውስጡ አለ። በዕቅዱ ላይ ኡኒና ኦይስተር በአንድ ቅዳሜ ተደርድረዋል። የሳንሪኩ ኡኒ ግን ደኅናው ከግንቦት እስከ ነሐሴ መጀመሪያ ነው። ያማዳ ከተማ ያሉት የኦይስተር መብያ ዳሶች ደግሞ የሚከፈቱት ከጥቅምት መጨረሻ ወዲህ ብርዱ ሲገባ ነው። ሁለቱን በአንድ ሳህን የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ ከፀሐይ ጋር ይደራደር።

ከኡኒ የሚበላው እሾሁ ውስጥ የተቀመጠው አምስት ቢጫ ዘለላ ነው። አጥማጁ ግርጌው መስታወት የሆነ ሣጥን ውኃው ላይ አድርጎ እያየ በረጅም ዘንግ ከታች ይለቅመዋል፤ ያውም የአጥማጆች ማኅበሩ በፈቀደው ቀን፣ ማለዳ ብቻ። ኢዋቴ ውስጥ በወተት ጠርሙስ ተሞልቶ ይሸጣል፣ ብዙ ጊዜ 150 ግራም። ጠርሙሱ ውስጥ ያለው የጨው ውኃ ነው። ሌላ ቦታ በእንጨት ሣጥን የሚደረደረው ቅርጹ እንዳይፈርስ ማጽኛ ስለሚደረግበት አንዳንዴ መጨረሻ ላይ ይመርራል፤ «ኡኒ አልወድም» የሚሉ ብዙዎች የቀመሱት ያንን ነው። የጠርሙሱ ሲገዛ ውኃው የጠራ፣ ዘለላው ጠርዙ የለየ መሆን አለበት። ውኃው ከደፈረሰና ዘለላው ከሟሟ ሰንብቷል። ቤት ሲደርስ በማጥለያ ያጠሉታል፣ ወረቀት ላይ ትንሽ ያሳርፉታል፣ ከዚያ ለብ ያለ ሩዝ ላይ ያደርጉታል። የሚያቃጥል ሩዝ ላይ ከተደረገ ይበስልና ሽታው ይለወጣል። አኩሪ አተር ስጎው ጠብታ ይበቃዋል።

ሚጥሚጣ አይደረግበትም። ይህ ነገር ሲነገር ሰው ይስቃል፤ ነገር ግን ከቦርሳው ብልቃጥ አውጥቶ ኡኒ ላይ ሚጥሚጣ የሚነሰንስ ሰው አለ። አንድ አጥማጅ ጎህ ሳይቀድ ተነስቶ፣ አጎንብሶ አንድ በአንድ የለቀመውን ነገር በአንድ ንስነሳ ሚጥሚጣ ብቻ ማድረግ! ይህንኑ የሚያደርገው ሰው ደግሞ ሳሺሚ ሲቀርብለት «ጥሬ አልበላም» ይላል። ቅዳሜ ቅዳሜ ልኳንዳ ቤት ቆሞ ጎድን በቢላ እየቆረጠ በአዋዜ የሚያወርድ ሰው! ያንን ለመከላከል ሁለት ሰዓት ይከራከራል፤ ለዓሣ ሲሆን የጤና ባለሙያ ይሆናል።

የሃይማኖቱ ነገር ግን ሌላ ነው፤ እሱን ማንም አይቀልድበት። «ክንፍና ቅርፊት ያላቸውን» የሚለውን ሕግ ለሚጠብቅ ሰው ኡኒ፣ ኦይስተር፣ ሆታቴ፣ ስኩዊድና ሸርጣን ሁሉም ውጪ ናቸው። ሚያኮ ውስጥ ቢን ዶን የሚባለው፣ የባሕር ምግብ በጠርሙስ ተደራርቦ መጥቶ ሩዝ ላይ የሚገለበጠው፣ ብዙ ጊዜ ከእነዚህ አንዱን አያጣም፤ ከማዘዝ በፊት መጠየቅ ነው። የተጠበሰ ዓሣ በሩዝና በሾርባ ሁሌም አለ። ሚያኮ በኮድ ዓሣ ስሟ የታወቀ ነው፣ በብርዱ ወራት የኮድ ሾርባው ይጠገባል። ከዓሣ እንቁላል ደግሞ ኢኩራ የሳልሞን ነው። ሳልሞኑ ራሱ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ከባሕሩ በጣም ስለቀነሰ ዋጋው ቢያስደነግጥ ባለ ምግብ ቤቱን መቆጣት አይገባም።

ኦይስተር ላይ ጥቅሉ «ለጥሬ» እና «ለማብሰያ» ተብሎ ይለያል። ሰው «ለማብሰያ» የሚለውን የቆየ ያስመስለዋል። ልዩነቱ ትኩስነት ሳይሆን ያደገበት ውኃ ነው፤ ለጥሬ የሚሆነው ከተመረጠ ንጹሕ ባሕር የወጣ ወይም በተጣራ ውኃ የቆየ ነው። «ትኩስ እኮ ነው» ብሎ የማብሰያውን በጥሬው የዋጠ ሰው ከሁለት ቀን በኋላ ሆዱን ይዞ ይጠየቃል።

ከሁሉ የሚያናድደው ግን ድንጋይ ሥር እጁን እየሰደደ የሚለቅመው ነው። «ባሕር የእግዜር ነው» ይላል። እዚያ ባሕር የአጥማጆቹ ማኅበር መብት ነው። ኡኒ መልቀም እስከ አንድ ሚሊዮን የን ያስቀጣል። አዋቢ የሚባለውን ዛጎል ወይም ናማኮ የሚባለውን ለስላሳ የባሕር እንስሳ ያለ ፈቃድ የያዘ ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ እስከ ሦስት ዓመት እስራት ወይም እስከ 30 ሚሊዮን የን ቅጣት ተደንግጎበታል። ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል።

ታሮ ደርሶ በጥርሱ እየሳቀ፣ እየዘለለ ፎቶ የሚነሳውም አለ። ታሮ ከ1933ቱ ሱናሚ በኋላ 10 ሜትር ከፍታ፣ 2,433 ሜትር ርዝመት ያለው ግንብ የሠራች ሰፈር ናት። በ2011 ባሕሩ በላዩ አልፎ ሄደ። ባለ ስድስት ፎቁ ሆቴል የታችኛዎቹ ሁለት ፎቆች ብረታቸው ብቻ ቀርቶ እስከ ዛሬ ቆሟል። አዲሱ ግንብ 14.7 ሜትር ነው። ከሚያኮ ደቡብ ምሥራቅ አኔዮሺ ላይ ከ1933 በኋላ የቆመ ድንጋይ ደግሞ «ከዚህ በታች ቤት አትሥሩ» ይላል። ሰዎቹ ሰሙ፤ በ2011 እዚያ ሸለቆ ውስጥ ከ40 ሜትር በላይ የወጣው ውኃ ከድንጋዩ በታች ቆመ፣ ቤቶቹም ተረፉ። መንገድ 45 ላይ «የሱናሚ ክልል ከዚህ ይጀምራል»፣ «እዚህ ያበቃል» የሚሉ ሰማያዊ ሰሌዳዎች አሉ። መሬት ቢንቀጠቀጥ ማስጠንቀቂያ አይጠበቅም፣ ሻንጣም አይፈለግም፤ ወደ ላይ ነው። የሚዘልለው ሰው የቆመው «ይጀምራል» የሚለውን አልፎ መሆኑን እንኳ አላየም።

ለማንኛውም ዕቅዱ። ቀኑ አንድ ብቻ ከሆነ ኪታያማዛኪ ይውጣ፣ ኦይስተሩም ይውጣ፤ ጆዶጋሃማ፣ ጀልባዋ፣ ምሳ ሚያኮ፤ ከቻላችሁ ታሮ፣ አስጎብኚውን አስቀድሞ በመያዝ። ማደር ከተገኘ ገደሉ ይመለሳል። የመመለሻው አውቶቡስ ሞሪዮካ የሚደርሰው የቶኪዮው የመጨረሻ ባቡር ሳይሄድ መሆኑን የሚያረጋግጥ አንድ ሰው ይመደብ፤ ሁሉም «እከሌ አይቶታል» ካለ ማንም አላየውም። ኡኒ የሚገዛም በእጁ ይዞ አይጓዝ። ጠርሙሱ ላይ የተጻፈው ቀን በጣት የሚቆጠር ነው፣ ሱቁ የሚሰጠው በረዶም ሞሪዮካ ሳይደርስ ይሟሟል። በቀዝቃዛ መላኪያ ወደ ቤት ያስልከው፤ ግን እሑድ ከሰዓት ቤት የሚገኝ ሰው ስሙን ይስጥ፣ ሰው ካጣ ጥቅሉ ተመልሶ መጋዘን ይገባል።