ምስጋናው ጡረታ እስኪወጡ አይቆይ
«መምህርን ለማክበር ከጡረታ ሽኝት የተሻለ ጊዜ የለም» በሚለው የአንዳንዶች አስተያየት ፈጽሞ አልስማማም። እኔም አስተማሪ ነኝ። ዕድሜውን ሙሉ ክፍል ውስጥ ሲያስተምር፣ ከሥራ ሰዓት ውጭ ደግሞ የሰፈሩን ወጣቶች በነፃ ሲያስጠና የኖረ ሰው ምስጋናውን መስማት ያለበት ገና ጉልበት እያለው ነው። የዓለም የመምህራን ቀን ኦክቶበር 5 የሚከበረው እኮ በ1966 እ.ኤ.አ. የወጣውን፣ ስለ መምህራን መብትና ኃላፊነት የሚናገረውን ዓለም አቀፍ ሰነድ ለማስታወስ ነው። ሰነዱ ደግሞ ስለ ደመወዝና ስለ ሥራ ሁኔታ ይናገራል፤ መምህሩ እያንዳንዱን ተማሪ እንዲከታተል የክፍሉ ተማሪ ብዛት ልክ ይኑረው ይላል። ይሄ ነው ክብር! መምህርህን ለማክበር «የቀድሞ ተማሪዎች ገንዘብ እናዋጣ» ያልከው ወንድሜ፣ ሐሳብህ ግሩም ነው። ግን መጀመሪያ ለመምህርህ ደውልላቸው። ያስተማሩህ ነገር የት ቦታ እንደጠቀመህ ለይተህ ንገራቸው። እኔን አንድ ተማሪዬ እንዲህ ብሎኝ ለሳምንታት በደስታ ነው ያስተማርኩት።