ክዳን የማያስፈልገው ጀግና

መኸር በገባ ቁጥር በኮምቦልቻ ዙሪያ ለሚታየው ድፍረት የሚመጥን ምስጋና እስካሁን ስላልቀረበ፣ ጉድለቱን ለመሙላት ብዕራችንን አንስተናል። ባለፈው ሳምንት በቦርከና ሜዳ ማሽላ ሲወቃ ቆመን እያየን፣ ባለማሽኑን «ይህ የሚሽከረከር ነገር ክዳን የለውም እንዴ?» ብንለው፣ «ክዳን ለፈሪ ነው» ሲል መለሰልን። አንባቢም ይህንኑ መልስ ከስንት ሰው አፍ እንደሰማው እናውቃለን።

ከትራክተር ጉልበት ተቀብሎ መውቂያውን የሚያንቀሳቅሰው ዘንግ በተለመደው አሠራር በደቂቃ 540 ጊዜ፣ ማለትም በሰከንድ 9 ጊዜ ይዞራል፤ የሽርጥ ጫፍ ወይም የፎጣ ዘርፍ ካገኘ ባለቤቱ «ወይኔ» እስኪል እንኳ አይጠብቅም። ጀግናችን ግን ሽርጡን እያውለበለበ ይሻገረዋል፤ ሲመለስም ይደግመዋል።

ክዳኑ የት ገባ ለሚል፣ የሥራ ታሪኩ እነሆ። በመጀመሪያው ዓመት «ይንኳኳል» ተብሎ አራት ብሎኖቹ ተፈቱ። ሥራ ፈትቶ መቀመጡ ስላላማረ የቡና ሲኒ ማቅረቢያ ሆነ፤ ከሰሉ ሲያጠቁረው ለጥጆች የጨው ማላሻነት ተሾመ፤ አንዲት ጥጃ ረግጣ ስታጎብጠው ወደ ጓሮ ተዛውሮ የዶሮ ቤት ጣሪያ ለመሆን በቃ። ዕድገቱ በዚህ አላበቃም። አሁን በአራት ማዕዘኑ ድንጋይ ተጭኖበት፣ በሽቦ ተጠፍሮ፣ ዶሮዋን ከጭልፊት፣ ከሸለምጥማጥና ከዝናብ ይጠብቃል፤ ንፋስ እንዳያነሣውም ባለማሽኑ ማታ ማታ የእጅ ባትሪ ይዞ ሽቦውን እያጠበቀ ይዞራል። ስለዚህ በዚያ ግቢ የደኅንነት ጥንቃቄ የለም የሚል ሐሜተኛ ነው፤ ዶሮዋን ይጠይቅ።

ጭንቀትንም የምናክምበት ጥበብ አለን። ክምሩ ገና ሳይወቃ ያለ ወቅቱ ደመና ሲያንዣብብና የማዳበሪያው ዕዳ ሲታወሰው ገበሬው ዓይኑን ሳይከድን ያነጋል። ጠዋት ጫት ይቀርብለታል፤ እንቅልፉ ይሸሻል፣ ድካሙ ግን እዚያው ነው። ከዚያም በዛለ ክንዱ ማሽላውን ለማሽኑ አፍ ያጎርሳል። በወንፈል ከመጡት አንዱ ለጥቂት ጊዜ ቢተካው ምን ነበር? ነገር ግን አረፍ ያለ ሰው ሰነፍ ይባላል፤ ስም ደግሞ ከጣት ይበልጣል።

የልጅ ክንድ በነጠላ ተጠቅልሎ፣ ደም እየተንጠባጠበ፣ የሐረጎን ጠመዝማዛ ዳገት መንገድ ወደ ደሴ ሲያወጡት «አላህ ያለው ነው» የሚል ባለማሽን ነውረኛ ነው! ብሎኖቹን የፈታው የራሱ እጅ ነው። ያልመለሳቸውም እሱ ነው። የኪራዩን ሒሳብ እስከ ሳንቲሟ የሚያስታውስ ሰው አራት ብሎን እንዴት ይረሳል?

ወደ ምስጋናችን እንመለስና፣ እሑድ እሑድ ከደሴ የሚወርዱትን ዘመዶች ሳናወድስ አንለፍ። ከማሽኑ አጠገብ ቆመው ፎቶ ይነሣሉ፤ «ጀግናው ገበሬያችን» ብለው ይለጥፋሉ፤ ገበሬው «እንቅልፍ ካየሁ ሰነበትኩ» ሲላቸው፣ ከላዳው ሳይወርዱ በመስኮት «በርታ!» ይሉታል። የተሸከፈላቸውን ማሽላ ከኋላ ካስጫኑ በኋላም፣ በጨለማ ሐረጎን መውጣት አደገኛ ነው ብለው ቀበቷቸውን አጥብቀው በጊዜ ይመለሳሉ።