ቀጣዩ መኪና፦ አሜሪካ በወር፣ አገር ቤት በአንዴ

አሜሪካ ሁለት ሐበሾች ስለ መኪና ሲያወሩ ቶሎ የሚነሳው ጥያቄ «በወር ስንት ትከፍላለህ?» የሚል ነው። አዲስ አበባ ላይ ደግሞ «ስንት ገዛኸው? አሁን ቢሸጥ ስንት ያወጣል?» ይባላል። ብዙዎቻችን ቀጣዩን መኪና የምንመርጠው ያለንበት አገር በሚጠይቀው ጥያቄ ብቻ ነው፤ ኪሳራውም ከዚያ ይጀምራል። አሜሪካ ያለው ጠቅላላ ዋጋውን ሳያይ ይፈርማል። አገር ቤት ያለው የመኪና ዋጋ መቼም አይወርድም ብሎ ጥሪቱን በሙሉ ያፈስበታል።

ከአሜሪካው ልጀምር። ዲለር ቤት (መኪና መሸጫ ድርጅት) ስትገቡ ሻጩ ቀድሞ ማወቅ የሚፈልገው በወር ምን ያህል መክፈል እንደምትችሉ ነው። ቁጥሩን ከነገራችሁት በኋላ የቀረው ሥራ የብድሩን ዕድሜ እየለጠጡ የፈለገውን መኪና እዚያ ቁጥር ውስጥ ማስገባት ነው። 30,000 ዶላር በ8 በመቶ ወለድ ተበድራችሁ በ48 ወር ብትከፍሉ ወርሃዊው 732 ዶላር ገደማ፣ ጠቅላላ ወለዱ 5,150 ገደማ ይሆናል። በ72 ወር ከሆነ ወርሃዊው ወደ 526 ይወርድና ወለዱ ወደ 7,870 ይወጣል። በ84 ወር የሚከፈለው 468 ብቻ ነው፤ ወለዱ ግን ከ9,200 ይበልጣል። መኪናው ያው መኪና ነው።

ወለዱ ብቻ ቢሆን ባልከፋ። ዋናው ጉዳት የሚታየው ከሦስትና ከአራት ዓመት በኋላ መኪና መቀየር ሲያምር ነው። በረጅም ብድር የተገዛ አዲስ መኪና ዋጋው የሚወርደው ዕዳው ከሚቀንስበት ፍጥነት በላይ ነው። 20,000 ዶላር ዕዳ እያለበት ገበያ ላይ 15,000 የሚያወጣ መኪና ይዞ ትሬድ ኢን የሚያደርግ፣ ማለትም አሮጌውን ለዲለሩ ሰጥቶ አዲስ የሚወስድ ሰው 5,000 ጎሎበታል። ሻጩ ግን «ችግር የለም፣ ከአዲሱ ጋር እናጠቃልለዋለን» ይላል። ስለዚህ አዲሱ መኪና ከበሩ ሳይወጣ የአሮጌውን ዕዳ ይሸከማል። ሁለተኛ ሲደገም ደግሞ ከዚህ አዙሪት መውጫው ይጠፋል። መድኃኒቱ አሰልቺ ነው፦ መኪናውን ከዕዳው የሚበልጥ ዋጋ እስኪያወጣ መንዳት፣ ከዚያ መቀየር። ወደ ዲለር ከመሄዳችሁ በፊትም ከባንክ ወይም ከክሬዲት ዩኒየን (ከአባላት የቁጠባና ብድር ማኅበር) የብድር ፈቃድ ይዛችሁ ሂዱ። ወለዳችሁን አስቀድማችሁ ካወቃችሁ ድርድሩ ታክስና ክፍያዎች ሁሉ ተደምረውበት በመኪናው የመጨረሻ ዋጋ ላይ ይሆናል።

በፈረንጆች አቆጣጠር ከ2025 እስከ 2028 ባሉት የግብር ዓመታት አሜሪካ ውስጥ ለተገጣጠመ አዲስ መኪና የተከፈለ ወለድ በዓመት እስከ 10,000 ዶላር ድረስ ግብር ከሚታሰብበት ገቢ ላይ ሊቀነስ ይችላል። ይህን እየጠቀሱ አዲስ እንዲገዛ የሚገፋፉ ሻጮች አሉ። ቅናሹ ግን ወለዱን አይመልስም። በ12 በመቶ የግብር ደረጃ ላይ ያለ ሰው 2,000 ዶላር ወለድ ቢከፍል የሚተርፈው 240 ዶላር ነው። በሌላ በኩል ለኤሌክትሪክ መኪና ይሰጥ የነበረው የፌዴራል ድጎማ፣ ለአዲስ እስከ 7,500፣ ላገለገለ እስከ 4,000 ዶላር የነበረው፣ ከመስከረም 30 ቀን 2025 (በፈረንጆች) በኋላ ለሚገዛ መኪና ቀርቷል። የድሮ ስሌት ይዞ የሚመክራችሁን አትስሙ።

መኪናው ከሌላ ዕቅዳችሁ ጋር የሚጋጨው ቤት ለመግዛት ስታስቡ ነው። የቤት አበዳሪ የሚያየው የወር ዕዳችሁ ከወር ገቢያችሁ ስንት እጅ እንደሆነ ነው። ለ30 ዓመት በ7 በመቶ በሚሰጥ የቤት ብድር እያንዳንዱ 1,000 ዶላር በወር 6.65 ዶላር ያስከፍላል። እናም በወር 600 ዶላር የመኪና ክፍያ ያለበት ሰው፣ ዕዳው አበዳሪው የሚፈቅደው ጣሪያ ላይ ከደረሰ፣ ወደ 90,000 ዶላር የሚጠጋ የቤት ብድር አቅም መኪናው ወስዶበታል ማለት ነው። በዋሽንግተን ዙሪያ ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ ቤት ፍለጋ የሚንከራተቱ ስንት ወጣት ባልና ሚስቶች ናቸው በዚህ ምክንያት «ይቀራችኋል» ተብለው የሚመለሱት! ቤት በሁለት ዓመት ውስጥ የሚገዛ ሰው አዲሱን መኪና መግዛቱን የቤቱን ቁልፍ ከተረከበ በኋላ ቢያደርገው ይሻላል።

የሰው ዓይንስ? ይህን ጉዳይ አቅልሎ ማለፍ ትክክል አይመስለኝም። አገር ቤት መኪና ሥራ ይሠራል። ሆቴል በር ላይ ያለው ጥበቃ፣ ቢሮ ውስጥ ያለው ኃላፊ፣ ዕቃ በዱቤ የሚሰጠው ነጋዴ ሰውን በመጣበት መኪና ይመዝናል። የቪኤይት ላንድክሩዘር ክብር ከዚያ የመጣ ነው። ለነጋዴ ወይም ለተቋራጭ ደህና መኪና መያዝ እንደ ሥራ ወጪ ሊታሰብ ይችላል፣ አይፈረድበትም። አሜሪካ ውስጥ ግን ባንኩ መኪናችሁን ወጥቶ አያይም፤ ክሬዲት ስኮር (የብድር አከፋፈል ታሪካችሁ ነጥብ) ነው የሚያየው። መኪናችሁን የሚያየው የቤተ ክርስቲያንና የሠርግ አዳራሽ ፓርኪንግ ነው። እዚያ ለሚገኝ የአንድ ቀን አድናቆት 84 ወር መክፈል የልጅ ትምህርት ገንዘብ መንካት ነው። ገጽታ ለሚያሳስበው ሰው ርካሹ መንገድ የሦስት ወይም የአራት ዓመት ዕድሜ ያለው፣ ንጹሕ፣ አንድ ባለቤት ብቻ የነዳው መኪና ነው።

በመኪናው እንጀራ የሚበላ ሰው ስሌቱ ሌላ ነው። በጋሎን 30 ማይል የሚሄድ ቤንዚን መኪናንና 50 ማይል የሚሄድ ሃይብሪድን (ቤንዚንና ኤሌክትሪክ አጣምሮ የሚሠራውን) እናነጻጽር። በዓመት 12,000 ማይል ለሚነዳ ሰው ልዩነቱ 160 ጋሎን ነው፤ ጋሎኑ በ3.20 ዶላር ቢታሰብ 512 ዶላር። ሃይብሪዱ በ3,000 ዶላር ከበለጠ ለመመለስ ስድስት ዓመት ገደማ ይፈጃል። ኡበር ወይም ታክሲ የሚሠራና በዓመት 40,000 ማይል የሚነዳው ግን ወደ 1,700 ዶላር ስለሚቆጥብ ከሁለት ዓመት በታች ይመልሳል። ከ2025 ሞዴል ጀምሮ የቶዮታ ካምሪ በሃይብሪድ ብቻ መመረቱም ምርጫውን አቅልሎታል። ያገለገለ ሃይብሪድ ስትገዙ የባትሪውን ማቀዝቀዣ ፊልትሮ እዩ። በብዙዎቹ ሞዴሎች ከኋላ ወንበሩ ሥር ወይም አጠገቡ ይገኛል፤ በአቧራና በፀጉር ከተደፈነ ባትሪው እየጋለ ዕድሜው ያጥራል።

ኢንሹራንስ ደግሞ ሁልጊዜ በመጨረሻ ነው የሚታሰበው፤ መጀመሪያ መምጣት ነበረበት። ብድር ያለበት መኪና ሙሉ ሽፋን ይጠየቅበታል። ስለዚህ የመኪናውን የቪን ቁጥር (የሻንሲ መለያ ቁጥር) ይዛችሁ ከመፈረማችሁ በፊት ዋጋ ጠይቁ። ቨርጂኒያ የሚኖር ሰው በየዓመቱ ለካውንቲው ወይም ለከተማው የሚከፈለውን የመኪና ግብር ይጨምርበት፤ ውድ መኪና በየዓመቱ ውድ ግብር አለው።

አሁን ወደ አገር ቤት። እዚያ መኪና የቁጠባ ደብተር የሆነው በሰው ሞኝነት ሳይሆን በሕግና በገበያ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ረጅም ዓመት ባገለገሉ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ጣለ። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መታገዱን አስታወቀ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ብር በገበያ እንዲተመን ሲለቀቅ ዶላር ከ57 ብር ገደማ በአጭር ጊዜ ከ100 ብር አለፈ። አገር ውስጥ ያለ ቪትዝ ወይም ኮሮላ የማይተካ ዕቃ ሆነ። መለዋወጫውም ሶማሌ ተራ ሞልቷል፤ ማንኛውም ሰፈር ያለ ጋራዥ ቴስታውንም ካምቢዮውንም ፈትቶ ይገጥመዋል። እንዲህ ያለ መኪና የገዛ ሰው ሲሸጥ ብዙ ጊዜ አትርፏል።

አደጋው ይኸው ልማድ ወደ ኤሌክትሪክ መኪና ሲሻገር ነው። በ2014 ዓ.ም. የኤሌክትሪክ መኪኖች ከተጨማሪ እሴት ታክስ፣ ከሱር ታክስና ከኤክሳይዝ ነፃ ተደርገው ተገጣጥሞ ለሚገባው 15 በመቶ ጉምሩክ ቀረጥ ሲተመንለት ገበያው ተከፈተ። ታክስ የሚቀያየር ነገር ስለሆነ በምትገዙበት ሳምንት የሚሠራውን ተመን ጠይቁ። መኪናው ለአዲስ አበባ የሚስማማ ነው፦ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ቱርቦ የሌለው ቤንዚን ሞተር ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህል ያጣል፣ የኤሌክትሪክ ሞተር ግን አያጣም። ከእንጦጦ ቁልቁል ሲወርድም ባትሪውን ይሞላል። ነገር ግን ባትሪ ያረጃል፤ አዲስ ሞዴል በመጣ ቁጥር የአሮጌው ዋጋ ይወርዳል። አገር ቤት ያለ ገዢ አሜሪካኖች እንደሚያደርጉት የዋጋ መውረድን ገና ሲገዛ መቁጠር ይኖርበታል። ለአምስት ዓመት ልትነዱት ግዙት፤ ልታተርፉበት አትግዙት።

የባትሪውን ነገር በደንብ ተመልከቱ። ከቻይና ገበያ የሚመጡት የፎልክስዋገን አይዲ4ና አይዲ6 ዓይነቶች የቻይናን የቻርጅ መሰኪያ ይዘው ይመጣሉ፤ ሶፍትዌራቸውም በቻይንኛ ነው። ወረቀቱ ላይ የተጻፈው የጉዞ ርቀት በቻይና የመለኪያ ስልት የተሰላ ስለሆነ ከእሱ ላይ ቢያንስ ሩቡን ቀንሳችሁ አስቡት። 60 ኪሎዋት ሰዓት የሚይዝ ባትሪ በተራ የቤት ሶኬት፣ 220 ቮልት በ10 አምፒር፣ ከባዶ ለመሙላት ከ27 ሰዓት በላይ ይፈልጋል። በቀን 40 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሰው ግን የሚጠቀመው 6.4 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ስለሆነ ሦስት ሰዓት ይበቃዋል። ችግሩ ኮንዶሚኒየም ለሚኖረው ነው፦ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ካለ ቤት ቀጭን ገመድ ወደ ፓርኪንግ መጣል የእሳት አደጋ ነው። ሶኬቱ ሲነካ የሚግል ከሆነ መሥመሩ አይችልም ማለት ነው፤ በኤሌክትሪክ ባለሙያ ለብቻው ወፍራም ገመድና ብሬከር ይሠራለት። ከአሜሪካ ቻርጀር የምትልኩ ሰዎች ደግሞ ጀርባው ላይ ያለውን አንብቡ፤ 120 ቮልት ብቻ የሚል ከሆነ 220 ላይ ሲሰካ ይቃጠላል። ያገለገለ ከሆነ የባትሪው ጤና ስንት በመቶ ላይ እንዳለ በኮምፒውተር ይነበብ፣ መኪናው ተነሥቶ ከሥር የባትሪው ሽፋን ድንጋይ የመታው መሆን አለመሆኑ ይታይ። ጎማውንም እዩ፤ መኪናው ከባድ ስለሆነ ቶሎ ይበላል። የጎማው ጎን ላይ ያለው ባለ አራት አሐዝ ቁጥር የተመረተበትን ሳምንትና ዓመት ይናገራል፦ 2319 ማለት በ2019 ሃያ ሦስተኛው ሳምንት ማለት ነው።

ለቤተሰብ መኪና ከአሜሪካ ሆነው የሚገዙ ሰዎች በብዛት የሚጎዱት በወረቀቱ ነው። መጀመሪያ የሻንሲና የሞተር ቁጥሩ ከሊብሬው ጋር ይመሳከር። ከዚያ ዕዳና እገዳ እንደሌለበት ፋይሉ ካለበት የትራንስፖርት ቢሮ ይጠየቅ። ከቀረጥ ነፃ የገባ መኪና ቀረጡ ሳይከፈል ስም አይዞርም፤ ዋጋው የረከሰው ለዚህ ሊሆን ይችላል። ደላላው «ለጊዜው በውክልና ይነዳ፣ ስሙ በኋላ ይዞራል» ካለ ብሩን አትልኩ። ውክልና ሰጪው በፈለገ ሰዓት ሊሽረው ይችላል፤ ሰጪው ከሞተም ውክልናው ይቀራል፣ መኪናው የወራሾች ይሆናል። ቃብድ የግድ ካስፈለገ አነስ ያለ ይሁን፣ በጽሑፍም ይስፈር። ቀሪው ክፍያ ሻጩና ገዢው፣ ወይም በኤምባሲ የተረጋገጠ ውክልና የሰጣችሁት የራሳችሁ ሰው፣ ውልና ማስረጃ ፊት ቆመው በሚፈርሙበት ቀን በባንክ ይተላለፍ።