እየፋቁ ማፍቀር

የጥንቱን የግሪክ ጥበብ ከግሪኮቹ በላይ የሚያውቁ ሰዎች ባይነሡ ኖሮ ዓለም ምን ይውጣት ነበር? ግሪኮቹማ፣ ምስኪኖች፣ እብነ በረዱን ጠርበው ሲጨርሱ ቀለም ይቀቡት ነበር። ከንፈሩን ቀይ፣ ጸጉሩን ቡናማ፣ ልብሱን ባለጥለት ያደርጉታል፤ ዓይኑ ላይም ብሌን ይስሉበታል። ቀራጺው ፊዲያስ አቴንስ ላለው የፓርተኖን ቤተ መቅደስ የሠራት የእንስት አምላክ አቴና ሐውልትማ ጭራሽ በወርቅና በዝሆን ጥርስ የተለበጠች ነበረች። ይህን ብልጭልጭ ነገር አይተው ዝም ማለት ያልሆነላቸው፣ ከሁለት ሺህ ዓመት በኋላ የመጡ የአውሮፓ ጠቢባን ምስጋና ይግባቸውና፣ ዛሬ የግሪክ ሐውልት ሲባል በሁላችንም ሐሳብ የሚመጣው ወተት የመሰለ ነጭ ድንጋይ ነው። በእኛ አገር «ከባለቤቱ በላይ ያወቀ ቡዳ ነው» የሚባለው እንዲህ ላለው ጨዋ ፍቅር እንደማይሠራ አምናለሁ።

የውለታው አውራ ዮሐን ዮአኪም ቪንክልማን የተባለው ጀርመናዊ ነው። እ.ኤ.አ. በ1764 ባሳተመው የጥንት ጥበብ ታሪክ ውስጥ፣ ውብ ገላ በነጣ መጠን ውበቱ እንደሚጨምር ጽፎ ነገሩን ቋጨው። ሰውየው የግሪክን ምድር ረግጦ አያውቅም፤ ሮም ተቀምጦ ካያቸው ሐውልቶች ብዙዎቹም ሮማውያን አስመስለው የቀረጿቸው፣ ቀለማቸውንም ዝናብና አፈር የበላው ነበሩ። ይሁን እንጂ ርቆ የሚፈርድ ዳኛ አያዳላም። ቀለሟ ጨርሶ ያልለቀቀ የአርጤምስ ሐውልት በ1760 በፖምፔ በተገኘች ጊዜ እንኳ፣ መጀመሪያ ላይ የግሪክ ሳትሆን የጥንት ኢጣሊያ ሕዝብ የሆኑት የኤትሩስካውያን ናት ብሎ አረፈው። ማስረጃ ከሐሳብ ጋር ሲጋጭ ማስረጃውን ወደ ጎረቤት ሕዝብ መሸኘት እንደሚቻል ያስተማረን ስለሆነ ይህንንም ውለታ አንዘነጋበትም። የጀርመኑ ባለቅኔ ጎተም በ1810 ስለ ቀለም ባሳተመው መጽሐፉ፣ ደማቅ ቀለም የሚወዱት ያልሠለጠኑ ሕዝቦች፣ ያልተማሩ ሰዎችና ሕፃናት ናቸው ሲል አከለበት፤ ፊዲያስ ከሦስቱ በየትኛው እንደሚመደብ ግን ሳይነግረን ቀረ። (የነጭ ፍቅሩ ከድንጋይ አልፎ ሰውም ላይ ደርሷል። በግሪኮች አፈ ታሪክ የኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅ የሆነችውን አንድሮሜዳን ሮማዊው ኦቪድ ጠይም ናት ብሎ ቢገጥምላትም፣ የአውሮፓ ሠዓልያን ግን ዐለቱ ላይ ታስራ የምትታየውን ልዕልት ለዘመናት እንደ በረዶ ሲያነጧት ኖረዋል።)

የጥንቶቹ ግሪኮች ራሳቸው ተጠይቀው ቢሆን ኖሮ ነገሩን ያበላሹት ነበር። ቀራጺውን ፕራክሲቴለስን ከሐውልቶችህ የትኞቹን ታስበልጣለህ ሲሉት፣ ሠዓሊው ኒኪያስ እጁን ያሳረፈባቸውን ብሎ መመለሱን ሮማዊው ጸሐፊ ፕሊኒ ጽፎልናል። ኤውሪፒደስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ412 ለመድረክ ባበቃው ቴአትር ውስጥ ደግሞ ሄሌን፣ መከራዋን ሁሉ ያመጣባት ውበቷ መሆኑን እያማረረች፣ ከሐውልት ላይ ቀለም እንደሚጠረግ መልኬ ተጠርጎ መልከ ጥፉ በሆንኩ ብላ ትመኛለች። ቀለሙ የተጠረገ ሐውልት ያስቀይማል ብላ ማሰቧ እንግዲህ ቪንክልማንን ባለማንበቧ ነው። እ.ኤ.አ. በ1972 በአቲካ፣ መሬንዳ በተባለ ስፍራ ከመሬት የወጣችው ፍራሲክሊያም ሥነ ሥርዓት አልተማረችም። ሳታገባ የሞተች ልጃገረድ የመቃብር ሐውልት ናት፤ በራሷ ላይ የአበባ አክሊል ደፍታ፣ በእጇ እንቡጥ ይዛ፣ አበባ የተዘራበት ቀይ ቀሚስ እንደለበሰች ቆማለች። ከሁለት ሺህ ዓመታት በላይ አፈር ስለሸፈናት ጠቢባኑ ሊያርሟት አልቻሉም።

ንድፈ ሐሳቡ ወደ ተግባር የተሸጋገረው ግን ለንደን ላይ ነው፤ አድናቆቴም ከሁሉ በላይ የሚያይለው እዚህ ላይ ነው። በኦቶማን መንግሥት የእንግሊዝ አምባሳደር የነበረው ሎርድ ኤልጂን ሰዎቹን አሰማርቶ ከ1801 ጀምሮ ከፓርተኖን ያስነቀላቸውን ቅርጾች የእንግሊዝ ፓርላማ በ1816 በ35 ሺህ ፓውንድ ገዝቶ ለብሪቲሽ ሙዚየም ሰጠ። ቅርጾቹ የተጠረቡበት የፔንተሊኮን ተራራ እብነ በረድ በውስጡ ብረት ስላለበት፣ ዘመን ሲቆጠር ገጹ ወደ ማር መልክ ይለወጣል፤ ይህም ለዓይን ጥሩ አልነበረም። ለቅርጾቹ የታሰበውን የሙዚየሙን አዲስ አዳራሽ ወጪ የሸፈነው የሥዕል ነጋዴው ሎርድ ዱቪን፣ የግሪክ ጥበብ ነጭ መሆን እንዳለበት ከነቪንክልማን ተምሮ ነበርና፣ በ1937 እና በ1938 ሠራተኞች እነዚያን የ2,400 ዓመት ሽማግሌዎች እንደ ተቃጠለ ድስት ይፈገፍጓቸው ጀመር። በመስከረም 1938 የሙዚየሙ ዳይሬክተር በሥራው ቦታ ሲያልፍ ጠረጴዛው ላይ የመዳብ መፋቂያዎችና ካርቦራንደም የተባለው ሻካራ መሞረጃ ቁራጭ ተቀምጠው አገኘ። የጨረቃዋን የሰሌኔን ሠረገላ ስትስብ አድራ የደከመች፣ አፏን ከፍታ የምትተነፍስ የምትመስለው ፈረስ ገጿ ከተፋቀው መካከል ነበረች። ሌሊቱን ሙሉ ለሮጠ እንስሳ ከዚህ የተሻለ እሽት ከየት ይገኛል?

ፍቅር አደባባይ ሲወጣ ውበቱ ይደበዝዛልና ሙዚየሙ ነገሩን በጨዋ ደንብ ያዘው፤ ስለዚያ ፍቂያ ዓለም አቀፍ ጉባኤ ጠርቶ በግልጽ የተነጋገረው በ1999 ነው። በ2009 ደግሞ፣ ያው ሙዚየም ውስጥ፣ ቀይ ብርሃን እያበሩ በልዩ ካሜራ ሲመረምሩ፣ የአማልክቱ መልእክተኛ የአይሪስ መታጠቂያ ላይ የግብፅ ሰማያዊ የሚባለው ቀለም ቅንጣት ከዝናቡም ከመፋቂያውም ተርፎ ሲያበራ ተገኘ። ታጋሽ ቀለም ነው። በ2003 በሙኒክ ከተማ የሐውልቶቹ ቅጂ እንደ ጥንቱ ተቀብቶ መታየት ከጀመረ ወዲህ፣ የሠለጠነ ዓይን ያላቸው ተመልካቾች አሻንጉሊት መሰለ እያሉ ፊታቸውን ሲያጨፈግጉ ይታያል፤ ግሪኮቹን ከግሪኮቹ መጥፎ ምርጫ የማዳኑ ሥራ፣ እግዜር ይስጣቸው፣ ዛሬም አልተቋረጠም።

ዱቪንም ውለታው አልተዘነጋለትም። አዳራሹን የሰጠው እሱ መሆኑ፣ ከ1939 (እ.ኤ.አ.) ጋር፣ በግድግዳው ድንጋይ ላይ በትልልቅ ፊደል ተቀርጿል፤ ያን ጽሑፍ ሊፍቅ መዳብ ይዞ የቀረበ ሰው እስካሁን የለም።