ከነገሩ ጦም እደሩ

የዓለም ሻምፒዮና ቼዝ ስመለከት ልቤን የሚሰርቀው አቻው ነው። ማሸነፍማ የሰፈር ጎረምሳም ያውቅበታል። ከባላጋራ ጋር አሥራ ሁለት ጊዜ ተቀምጦ አሥራ ሁለት ጊዜ ምንም ሳይፈጠር መነሳት ግን የወራት ዝግጅት፣ የረዳቶች ጭፍራና ሌሊቱን ሙሉ ሲግል የሚያድር ኮምፒውተር ይጠይቃል።

ለዚህ ጥበብ ሐውልት ይቁም ከተባለ ቦታው ለንደን ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 ማግኑስ ካርልሰንና ፋቢያኖ ካሩዋና 12ቱንም መደበኛ ጨዋታዎች አቻ ወጡ፤ በሻምፒዮናው ታሪክ እንዲህ ያለ ንጽሕና ከዚያ በፊት አልታየም። የመጀመሪያው ጨዋታ ብቻ 115 እርምጃ ፈጅቷል። በ12ኛው ካርልሰን አቋሙም ሰዓቱም ከካሩዋና የተሻለ ሆኖ ሳለ በ31ኛው እርምጃ የአቻ ጥያቄ አቀረበ። ክፉ አፍ ያላቸው ፈራ አሉት። እንግዳ ከመጣ በኋላ ድግሱን መልሶ ጎተራ መክተት ፍርሃት ሳይሆን ቁጠባ ነው! ደግሞም ሦስት ሳምንት ያልተፈታው ነገር በአንድ ቀን የመለያ ፈጣን ጨዋታ 3 ለ 0 ለካርልሰን አለቀ።

የዚህ ሰላም አባት ቭላድሚር ክራምኒክ ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 በዚያው በለንደን ጋሪ ካስፓሮቭን የሚያህል አጥቂ በርሊን መከላከያ በሚባል የጥቁር መክፈቻ (የተጠና የጨዋታ አጀማመር) ግንብ አጥሮ፣ በ15 ጨዋታ አንድ ድል እንኳ ሳያስቀምሰው ወደ ቤቱ ሸኘው። በዋናው የበርሊን መስመር ሁለቱ ንግሥቶች በስምንተኛው እርምጃ ተያይዘው ያልፋሉ። ጥቁሯማ ከቤቷ ደጃፍ እንኳ ሳትወጣ ነው። ተመልካች ወንበሩን አስተካክሎ ሳይቀመጥ ቀብሩ አልቆ ንፍሮው ይታደላል።

እኔም አንዴ ንፍሮው ደርሶኛል። እ.ኤ.አ. በ2016 በኒውዮርክ የካርልሰንና የሰርጌይ ካርያኪን የመጨረሻ መደበኛ ጨዋታ በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ነበር። ነጥቡ እኩል ስለነበረ ደም ይፈሳል ብዬ ቡና አስፈላሁ። ቡናው ተቆላ፣ ተወቀጠ፣ ጀበናው ተጣደ። አቦሉ ሲቀዳ ሰዎቹ ተጨባብጠው ወረቀታቸውን እየፈረሙ ነው። በርሊን፣ 30 እርምጃ፣ 35 ደቂቃ ገደማ። ባለቤቴ ብቅ ብላ፣

«ማን አሸነፈ?» አለች።

«ማንም።»

«ታዲያ ይህን ሁሉ ቡና ማን ሊጠጣው ነው?»

ቶናና በረካውን ብቻዬን ጠጥቼ እስኪነጋ ድረስ ስለ ሰላም ሳሰላስል አደርኩ። ትኬት ገዝተው አዳራሹ የገቡት ደግሞ ተጫዋቾቹን ድምፅ በማያሳልፍ መስታወት ውስጥ ነው ያዩት። መስታወቱ የማዛጋትን ድምፅ እንደሚያስቀርላቸው አምናለሁ።

የጥንቶቹም ቀላል ሰዎች አልነበሩም። እ.ኤ.አ. በ1984 ሞስኮ ላይ ካርፖቭና ካስፓሮቭ ስድስት ጊዜ ቀድሞ ያሸነፈ ይንገሥ ተባብለው ጀመሩ፤ በአምስት ወር ውስጥ 48 ጨዋታ ተጫውተው 40ውን አቻ ወጡ። ሁዳዴ ሁለቴ ተጹሞ ይተርፋል። በመጨረሻ የዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ፍሎሬንሲዮ ካምፖማኔስ አሸናፊ ሳይታወቅ አስቆሙት፤ ማለትም ግጥሚያው ራሱ አቻ ወጣ።

የእኛ አባቶች ይህን ሥልጣኔ አልታደሉም። በጥንቱ የሐበሻ ቼዝ፣ በሰንጠረዥ፣ መጀመሪያ ላይ ወረራ የሚባል ነገር ነበር፦ ተራ መጠበቅ የለም፤ አንዱ ወገን የሌላውን ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም እኩል እየተሻሙ ያንቀሳቅሳሉ። እስቲ አሁን እዚያ ላይ ሃያ እርምጃ የተሸመደደ መክፈቻ ምን ሊሠራ ነው?

እኔን የሚያስለቅሰኝ ግን የአቻው ማብቂያ ሥርዓት ነው። በቼዝ ሕግ ሁለት ነገሥታት ጎን ለጎን መቆም ፈጽሞ አይፈቀድላቸውም። አቻ ሲወጡ ግን ውጤቱን የኤሌክትሮኒክ ሰሌዳው እንዲመዘግበው ተጫዋቾቹ ሁለቱን አንስተው መሀል ሜዳ ላይ ትከሻ ለትከሻ ያቆሟቸዋል። ዙሪያውን ከተሰለፉት ወታደሮች አንዳንዶቹ ጠዋት ከተደረደሩበት ገና ንቅንቅ አላሉም።